የዘገየው እጃችን ነውን? የድሮው የቡጢ ጨዋታ በፊዚክስ ዓይን

እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ፣ ከአራት ኪሎ ግቢ ጀርባ ከነበሩት ጠባብ የፕሌይስቴሽን ቤቶች በአንዱ፣ አራት የፊዚክስ ተማሪዎች ከክፍል መልስ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን እንቀመጥ ነበር። የቤቱ ሕግ አጭር ነው፦ አሸናፊ ይቀጥላል፤ ተሸናፊ ሒሳቡን ከፍሎ ይነሣል። ጨዋታው ተከን 3 ነበር። መብራት ሲጠፋ ማን እያሸነፈ እንደነበር እንከራከራለን፤ ሲመጣ ደግሞ ክርክሩን ረስተን እንደገና እንጀምራለን።

ዛሬ ከአራታችን አንዱ በዱባይ፣ አንዱ በሐዋሳ፣ አንዱ በዋሽንግተን አካባቢ ይኖራል። እኛም ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ባሕር ማዶ ቆይተን ወደዚያው ግቢ ተመልሰናል። ከዋሽንግተኑ ወዳጃችን ጋር ባለፈው ዓመት የዚያን ጨዋታ የዘመኑን ዕትም በኢንተርኔት አማካይነት ለመጫወት ቀጠሮ ያዝን። ውጤቱ አሳዛኝ ነበር። ድሮ ያለ ችግር እንመክታቸው የነበሩ ምቶች ሁሉ ያርፉብን ጀመር፤ በእርሱም ላይ እንዲሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ወዳጃችን ስልክ ደውሎ፣ «ወንድሜ፣ አርጅተናል፤ እጃችን አልታዘዝ ብሏል፤ ይቅርብን» አለን። ለዓመታት በበዓል ሰላምታ ብቻ ይገናኝ የነበረ ወዳጅነት በአንድ ጨዋታ ነፍስ ሊዘራ ሲል፣ በአንድ የተሳሳተ ድምዳሜ ሊቋረጥ ነው ማለት ነው። ድምዳሜው የተሳሳተ መሆኑን ግን በምን እናውቃለን? በመለካት ነው። ይህ ጽሑፍ ለወዳጃችን የሰጠነው መልስ ሲሆን፣ ለአንባብያንም ትምህርት ይሆናል ብለን እናምናለን።

በስልሳ የተከፈለች ሰከንድ

የቡጢ ጨዋታዎችን ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያስያዘው እ.ኤ.አ. በ1991 የጃፓኑ ካፕኮም ኩባንያ ለሕዝብ መጫወቻ አዳራሾች ያወጣው ስትሪት ፋይተር 2 ነው። ከዚያ በኋላ ሞርታል ኮምባት በ1992፣ ቨርቹዋ ፋይተር በ1993፣ የመጀመሪያው ተከን በ1994 ተከታትለው መጡ። እኛ የተጫወትነው የተከን 3 የፕሌይስቴሽን ዕትም የወጣው በ1998 ነው።

በነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ጊዜ እንደ ወንዝ ያለ ማቋረጥ አይፈስም፤ እንደ ደረጃ እየዘለለ ይሄዳል። ማሽኑ በየሰከንዱ ወደ 60 የሚጠጉ ምስሎችን ይሠራል። እያንዳንዱ ምስል ፍሬም ይባላል፤ ዕድሜውም 16.7 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። በእያንዳንዱ ፍሬም ማሽኑ የተጫኑትን ቁልፎች ያነባል፣ የሁለቱን ተፋላሚዎች ቦታና ሁኔታ ያሰላል፣ ከዚያም ይሥላል። አንድ ምት እስኪያርፍ የሚወስደው ጊዜም በሰከንድ ሳይሆን በፍሬም ይቆጠራል።

ዝላይን እንመልከት። አንድ ተፋላሚ ሲዘል ማሽኑ በየፍሬሙ ሁለት ነገሮችን ብቻ ያደርጋል፦ ፍጥነቱን በከፍታው ላይ ይደምራል፤ ከፍጥነቱም ላይ ጥቂት ይቀንሳል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1768 ሊዮንሃርድ ኦይለር ያሳተመው የስሌት ዘዴ ነው። ለምሳሌ ያህል መነሻ ፍጥነቱ በፍሬም 8 ነጥብ፣ የሚቀነሰው ደግሞ በየፍሬሙ 0.4 ነጥብ ይሁን። ዝላዩ 40 ፍሬም ያህል ይፈጃል፤ ከፍታውም 80 ነጥብ ገደማ ይሆናል። የተፋላሚው ቁመት 90 ነጥብ ቢሆንና ይህን እንደ 1.8 ሜትር ብንቆጥረው፣ ሰውዬው 1.6 ሜትር ዘሎ በ0.67 ሰከንድ ወረደ ማለት ነው። ከዚህ ተነሥተን የዚያን ዓለም ስበት ብናሰላ 28.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ እናገኛለን፤ ይህም ከመሬት ስበት ሦስት እጥፍ ያህል፣ ከጁፒተርም የሚበልጥ ነው። በመሬት ስበት ቢሆን ኖሮ ያው ዝላይ 1.14 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ተቃዋሚው ታዲያ ሻይ አዝዞ ሊጠብቀው ይችል ነበር!

ከዚህ ምሳሌ ልንይዘው የሚገባን ቁም ነገር የሚከተለው ነው። የጨዋታው ዓለም ንጹሕ ስሌት ስለሆነ መነሻው ሁኔታና የተጫኑት ቁልፎች አንድ ከሆኑ ውጤቱ ምንጊዜም አንድ ነው። ላፕላስ እ.ኤ.አ. በ1814 ስለ መላው ዓለም የተመኘው ሙሉ ተተንባይነት በዚህች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ይገኛል። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

ሦስት ተጠርጣሪዎች

አሁን ወደ ወዳጃችን ክስ እንመለስ። ምቱ ከተጀመረበት ቅጽበት አንሥቶ መከላከያው እስኪጫን ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ሊዘገዩ የሚችሉት ሦስት ናቸው፦ እጃችን፣ ቴሌቪዥኑና መንገዱ። ማሽኑ ራሱ የሚወስደው ትንሽ ጊዜ ድሮም ስለነበረ ወደ ጎን እንተወዋለን።

አንደኛው ተጠርጣሪ፦ እጅ። ይህን ለመለካት ማስመሪያ ይበቃል። አንድ ሰው 30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ከላይ ጫፉ ይዞ ቁልቁል ያንጠልጥል። ሌላው አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን በዜሮው ምልክት ግራና ቀኝ ሳይነካ ያዘጋጅ። ማስመሪያው ሳይነገረው ሲለቀቅ በጣቶቹ ይያዘው። የወደቀበት ርቀት d ሳንለው በአማርኛ «ር» ብንለው፣ ጊዜው የ2ር ለ9.8 ክፍያ ካሬ ሥር ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ላይ የያዘ ሰው 175 ሚሊሰከንድ፣ 20 ላይ የያዘ 202፣ 30 ላይ የያዘ ደግሞ 247 ሚሊሰከንድ ወስዶበታል። አንድ ጊዜ ብቻ መሞከር አይበቃም፤ አሥር ጊዜ ሞክሮ አማካዩን መውሰድ ይገባል።

እኛ በቢሯችን ስንሞክር አማካያችን 22 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ ይህም 212 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም ወደ 13 ፍሬም ነው። ወዳጃችንም ከልጁ ጋር ሞክሮ 23 ሳንቲ ሜትር አገኘ፤ 217 ሚሊሰከንድ መሆኑ ነው። የሰው ምላሽ ከሃያዎቹ ዕድሜ በኋላ ቀስ በቀስ መዘግየቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ለጎልማሳ ከ200 እስከ 250 ሚሊሰከንድ የተለመደ መጠን ስለሆነ፣ እኛ ከልጅነታችን ያጣነው ቢበዛ ከአንድና ከሁለት ፍሬም የሚበልጥ አይመስልም። ዋናው ጥፋተኛ እጅ አይደለም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ፦ ቴሌቪዥን። የዚያን ዘመን ሆዳም ቴሌቪዥን የሚሠራው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1897 በፈለሰፈው የካቶድ ሬይ ቱቦ ነበር። የኤሌክትሮን ጨረር ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር እየጠረገ፣ ምልክቱ እንደደረሰው ወዲያው በመስተዋቱ ላይ ያበራዋል። የሚያስቀምጥበት ማኅደር ስለሌለው ለመዘግየትም ዕድል የለውም። የዛሬው ስስ ቴሌቪዥን ግን ምስሉን ተቀብሎ በማኅደሩ ያስቀምጣል፣ ያጠራል፣ ያስውባል፣ ከዚያ በኋላ ያሳያል። በአንዳንዱ ይህ ማስዋብ ከ50 እስከ 100 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ፊልም ለሚያይ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ለቡጢ ተጫዋች ግን ከሦስት እስከ ስድስት ፍሬም ነው።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ፦ መንገድ። በአግዳሚው ወንበር ዘመን ከጆይስቲኩ እስከ ማሽኑ ያለው ሽቦ ሁለት ሜትር አይሞላም ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ግን በምድር ገጽ ላይ በአጭሩ መንገድ ቢለካ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በባዶ ጠፈር በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ መልእክታችን ግን የሚጓዘው በቀጭን የመስተዋት ክር ውስጥ ነው። በመስተዋት ውስጥ ብርሃን ፍጥነቱ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ዝቅ ስለሚል፣ አንድ ጊዜ ለመሄድ ብቻ 57.5 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ክሩም ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደ ባሕር ጠረፍ ወርዶ የባሕሮችን ወለል ተከትሎ ነው የሚደርሰው። የመንገዱ ርዝመት 16,000 ኪሎ ሜትር ቢሆን 80 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም 5 ፍሬም ገደማ ይወስዳል። ይህን የትኛውም መሐንዲስ ሊያስቀረው አይችልም፤ ገደቡን የሠራው ተፈጥሮ ነውና። የዱባዩ ጓደኛችን 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ፣ በቀጥታው መንገድ ቢሰላ ከእርሱ ጋር ያለን መዘግየት ከአንድ ፍሬም ያንሳል።

ማሽኑ ሲገምት

ታዲያ ጨዋታው በየፍሬሙ አምስት ፍሬም ቆሞ ለምን አይጠብቅም? ጥንት እንዲህ ያደርግ ነበር፤ ተጫዋቹም ውኃ ውስጥ የሚታገል ይመስለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ቶኒ ካነን የተባለ አሜሪካዊ ለቡጢ ጨዋታዎች ሌላ መላ አቀረበ። ሁለቱም ማሽኖች ያንኑ ስሌት ያሰላሉ፤ በመንገዱ የሚላከው ምስል ሳይሆን የተጫኑት ቁልፎች ብቻ ናቸው። የሩቁ ተጫዋች ቁልፍ እስኪደርስ ድረስ የእኛ ማሽን «ቀደም ሲል የተጫነውን አሁንም እንደያዘ ነው» ብሎ ይገምታል። የሰው ጣት በሰከንድ 60 ጊዜ ሐሳቡን ስለማይለውጥ ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ይሆናል። ሲሳሳት ደግሞ ማሽኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፉትን ፍሬሞች በትክክለኛው ቁልፍ እንደገና አስልቶ አሁን ካለንበት ቅጽበት ይደርሳል። ይህ ሊሆን የቻለው ቀደም ሲል እንዳልነው የጨዋታው ዓለም ሙሉ በሙሉ ተተንባይ ስለሆነ ነው።

ሆኖም ዋጋ ያስከፍላል። ወዳጃችን ምት ሲጀምር መጀመሪያዎቹን አምስት ፍሬሞች አናያቸውም፤ ቡጢው ከመሀል ጀምሮ ድንገት ብቅ ይላል።

እንግዲህ እንደምር። እስኪያርፍ 20 ፍሬም የሚወስድ ከባድ ምት እንውሰድ። በድሮው ቤት የሚያስፈልገን የእጃችን 13 ፍሬም ብቻ ነበር፤ 7 ፍሬም ተርፎን እንመክታለን። ዛሬ ለእጅ 13፣ ለቴሌቪዥን 4፣ ለመንገድ 5፣ ድምሩ 22 ይሆናል። ሁለት ፍሬም ዘግይተናል፤ ተመታን። ምርመራችን ያበቃው እዚህ ላይ ነው። ከድምሩ ውስጥ አዲስ የመጡት 9 ፍሬሞች የእርጅና አይደሉም።

የመንገዱን አምስት መቀነስ አንችልም፤ የቴሌቪዥኑን አራት ግን እንችላለን። በአብዛኞቹ የዘመኑ ቴሌቪዥኖች ላይ ለጨዋታ የተዘጋጀ፣ ማስዋቡን የሚያጠፋ ምርጫ አለ። በዚህ ምርጫ መዘግየቱ ወደ አንድ ፍሬም ቢወርድ ድምሩ 19 ይሆናል። አንድ ፍሬም ተረፈን ማለት ነው! ይህን ለወዳጃችን ጽፈን ላክንለት። በቀጣዩ ቅዳሜ ሁለታችንም ቴሌቪዥናችንን አስተካክለን ተቀመጥን። የመጀመሪያውን ከባድ ምት ሲመክት ከስልኩ ውስጥ የሰማነው ጩኸት የሃያ ዓመት ልጅ ጩኸት ነበር።

ክፍሉ ይሰጠን የነበረው

ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ነገር አሁንም ይጎድላል፤ ያም ከስሜት ብቻ የመነጨ አይደለም። አጠገባችን የተቀመጠው ጓደኛ ቁልፍ ሲጫን ጠቅታው ይሰማን ነበር። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ስለሚጓዝ ከ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት በ2 ሚሊሰከንድ ውስጥ ጆሯችን ይደርሳል። ሰው ለድምፅ የሚሰጠው ምላሽ ደግሞ ለብርሃን ከሚሰጠው በጥቂት አሥር ሚሊሰከንዶች ይፈጥናል። ኤዲ ጎርዶን መርጦ ቁልፎቹን ያለ ሥርዓት የሚደበድበውን ጓደኛችንን በጆሯችን እንከተለው ነበር። ከባድ ምት ሊወረውር ሲል ትንፋሹን የሚይዘውንም በትከሻው እናውቀው ነበር። ምቱ ከመጀመሩ በፊት የሚደርስ መልእክት ነበር ማለት ነው። በመስተዋቱ ክር ውስጥ የሚያልፉት ቁልፎች ብቻ ናቸው፤ ትንፋሽና ትከሻ አያልፉም።

እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የሕክምና ተማሪ በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ከአገራቸው የራቁ ሰዎችን ለሚያስጨንቀው ናፍቆት «መመለስ» እና «ሕመም» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት ስም አበጀለት። ለእርሱ በሽታ ነበር። በእኛ ዘንድ ግን ትዝታ የቅኝትም ስም ነው፤ በርሱ ይዘፈናል፣ ይጫወቱበታል እንጂ መድኃኒት አይፈለግለትም። እኛም ስንመረምረው ትዝታችን አልዋሸንም። በዚያ ጠባብ ክፍል በእርግጥ ፈጣኖች ነበርን፤ የፈጠንነው ግን ልጆች ስለነበርን ብቻ ሳይሆን ቅርብ ስለነበርንም ጭምር ነው።

ወዳጃችን ለመጪው ጥምቀት ወደ አገር ቤት እንደሚመጣ ነግሮናል። እኛም ከአንድ ጥገና ቤት መጋዘን ውስጥ አንድ ሆዳም ቴሌቪዥን አግኝተን አስጠግነናል። የሐዋሳውም የዱባዩም ተጠርተዋል። ማስመሪያውን ቢሮ እንተወዋለን፤ አግዳሚ ወንበሩን ግን አዘጋጅተናል። ተሸናፊ ይነሣል።

እስከዚያው ተማሪዎቻችን በማስመሪያው ሙከራ የራሳቸውን ፍሬም እንዲቆጥሩ እየጋበዝን፣ ቸር ይግጠመን እንላለን።