ነጋዴ በወንጀል ተጠርጥሮ በተያዘ ጊዜ ጠበቃውን እንዴት እንደሚመርጥ

ንግዱን በሚገባ የሚመራ ሰው ውሉን በጽሑፍ ያደርጋል፤ ዕቃውን ኢንሹራንስ ያገባል፤ ሒሳቡንም በዐዋቂ እጅ ያስይዛል። ይሁን እንጂ እርሱ ራሱ አንድ ቀን በወንጀል ተጠርጥሮ ሊያዝ እንደሚችል አስቀድሞ የሚያስብ ነጋዴ እጅግ ጥቂት ነው። ወንጀል ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ሌባና ነፍሰ ገዳይ ነው። ነገር ግን ስለ ቼክ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ደረሰኝና ስለ ጉምሩክ የወጡት ሕጎች የእስራት ቅጣትን ጭምር ስለሚያስከትሉ፣ የሰው ገንዘብ ነክቶ የማያውቅ ባለ መደብርም ቢሆን በድንገት ከፖሊስ ጣቢያ ሊገኝ ይችላል።

በነጋዴዎች መካከል ጠብ ሲነሣ ነገሩን በሽምግልና ወይም በግልግል ዳኝነት መጨረስ የቆየና መልካም ልማድ ነው። የወንጀል ጉዳይ ግን በዚህ መንገድ የሚያልቅ አይደለም። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237/2013 የወንጀል ጉዳይን ለግልግል ዳኝነት ከማይቀርቡት ነገሮች ውስጥ መድቦታል። ሕጉ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ ነው ብሎ ለይቶ ካልደነገገ በቀር፣ ከተበዳዩ ጋር መታረቅ ብቻውን የመንግሥትን ክስ አያስቀርም። ስለዚህ የተያዘ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው አማላጅ ሳይሆን ጠበቃ ነው።

ሕጉ ለተያዘ ሰው የሰጠው መብት

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 እንደሚደነግገው፣ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል። ያለመናገር መብት አለው፤ የሚሰጠውም ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል መገለጽ አለበት። በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ይቀርባል። ከዚህ ጊዜ ውስጥ የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ተገቢ የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በአዲስ አበባ ከተማ ውስጥ ደግሞ መንገዱ ሩቅ አይደለም። ጊዜው አልፎ ያልቀረበ እንደ ሆነ አካሉን ነጻ እንዲያወጣለት ፍርድ ቤትን ለመጠየቅ መብት አለው።

አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ እንዲወከል ይፈቅዳል። አንቀጽ 21 ደግሞ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሐኪሙና ከሕግ አማካሪው ጋር እንዲገናኝ ያዛል። ከዚህም ብዙ ዓመታት አስቀድሞ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 61 የታሰረ ሰው ወዲያውኑ ጠበቃውን ጠርቶ እንዲያነጋግር፣ ቢጠይቅም የመጻፊያ መሣሪያ እንዲሰጠው ደንግጎ ነበር። እንግዲህ ጠበቃ የሚያስፈልገው ክስ ከተመሠረተ በኋላ ነው የሚለው የብዙ ሰው አስተሳሰብ ከሕጉ ጋር አይስማማም።

አንድ ምሳሌ

ለትምህርት ያህል የሚከተለው ይታሰብ። በአብነት አካባቢ የሕንፃ ዕቃ መደብር ያለው አንድ ነጋዴ ከአስመጪ ብረት በዱቤ ይወስድና ለመተማመኛ እንዲሆን ሁለት ወር ወደ ፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ ይሰጣል። አስመጪው ገንዘብ ስለ ቸገረው ቼኩን ከቀኑ በፊት ለባንክ ያቀርባል፤ ባንኩም በቂ ስንቅ የለውም ብሎ ይመልሰዋል። ነጋዴው ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይያዛል።

ይህ ሰው በጣቢያው ውስጥ ራሱን ነጻ የሚያወጣ መስሎት፣ «ቼኩን ስጽፍ ገንዘብ እንዳልነበረኝ አውቃለሁ፤ እርሱም ራሱ ያውቅ ነበር» ብሎ ቃሉን ሰጥቶ ይፈርማል። በእርሱ ዐሳብ ይህ መከላከያ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 693 የሚቀጣው ግን ስንቅ አለመኖሩን እያወቀ ሆን ብሎ ቼክ ያወጣውን ሰው ነው፤ ቅጣቱም እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። ቼክ ሲቀርብ የሚከፈል ሰነድ እንጂ መያዣ አይደለምና፣ ነጋዴው ዐቃቤ ሕጉ ሊያስረዳ የሚገባውን ዋና ነገር በገዛ አፉ አስረዳለት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጠበቃ ቀድሞ ቢደርስለት ኖሮ፣ የዱቤው ውል፣ የዕቃ ማስረከቢያው ወረቀትና የተለዋወጡት ደብዳቤ ተሰብስቦ እስኪታይ ድረስ ዝም እንዲል በመከረው ነበር።

በልደታ ዙሪያ የሚገኙት ሰዎች

የነጋዴው ወንድም በማግሥቱ ማለዳ ወደ ልደታ ይሮጣል። በልደታ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃና የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎቶች ስለሚገኙ፣ በአካባቢው የጠበቆች ቢሮና የማመልከቻ ጸሐፊዎች በብዛት ይታያሉ። ይሁን እንጂ የተያዘ ሰው ሁሉ በልደታ አይቀርብም። ከመሮጥ በፊት ከጣቢያው አራት ነገሮችን ጠይቆ በወረቀት መያዝ ይበጃል፤ እነዚህም የተያዘበት ሰዓት፣ የተጠረጠረበት ወንጀል፣ የመርማሪው ፖሊስ ስምና የሚቀርብበት ችሎት ናቸው። ጠበቃ በመጀመሪያ የሚጠይቀውም እነዚህኑ ነው።

በፍርድ ቤት ደጅ የሚገኙት ሰዎች ሥራቸው የተለያየ ነው። ማመልከቻ ጸሐፊ የባለጉዳይን ቃል በወረቀት ያሰፍራል እንጂ በችሎት ቆሞ አይከራከርም። ነገረ ፈጅ በአንድ ድርጅት ተቀጥሮ የድርጅቱን ጉዳይ የሚከታተል ነው። ጠበቃ ግን ፈቃድ ተሰጥቶት ለማንም ባለጉዳይ የሚቆም ነው። ከእነዚህ ሌላ አንድ አራተኛ ሰው አለ፤ እርሱም ቢሮ የሌለው፣ ስሙን በሙሉ የማይናገር፣ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ ነው። ይህ ሰው የተጨነቀውን ወንድም ጠጋ ብሎ፣ «አይጨነቁ ጌታዬ፤ ዳኛውንም ዐቃቤ ሕጉንም አውቃቸዋለሁ፤ ነገ ማታ ቤቱ ይገባል» ይለዋል። ገንዘቡን የተቀበለው ሰው የተሰወረ እንደ ሆነ ኪሳራው ቀላል ነው፤ ገንዘቡ ጉቦ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ግን በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 መሠረት ተቀባዩ ብቻ ሳይሆን ሰጪውም ይቀጣል፤ በአንድ ታሳሪ ፈንታ ሁለት ታሳሪ ይሆናል ማለት ነው።

ጠበቃው የሚመረመርበት መንገድ

1ኛ፤ ፈቃዱን ማየት። በአዲስ አበባ የሚነሡት አብዛኞቹ የወንጀል ጉዳዮች የሚታዩት በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ስለሆነ፣ ፈቃዱ የፌዴራል መሆን አለበት። በክልል ብቻ የተሰጠ ፈቃድ በልደታ ችሎት አያስቆምም። ፈቃዱ የታደሰ መሆኑንና በየትኛው ደረጃ ፍርድ ቤት እንደሚያስቆም መጠየቅ ነውር አይደለም። የጥብቅና ሥራ የሚመራው በፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት ፈቃድና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ሲሆን፣ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርም በዚሁ አዋጅ የተቋቋመ ነው።

2ኛ፤ የለመደውን ሥራ መጠየቅ። የንግድ ማኅበር በማቋቋምና ውል በመጻፍ የታወቀ ጠበቃ ሁሉ ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ መመርመርን አልለመደም። ስለዚህ በወንጀል ችሎት ዘወትር የሚቆም መሆኑን፣ ከዚህ በፊትም ተመሳሳይ ጉዳይ ይዞ እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

3ኛ፤ የሚገባውን ቃል መመዘን። ፈራጁ ዳኛ እንጂ ጠበቃው ስላልሆነ፣ በእርግጥ አስፈታዋለሁ የሚል ሰው የእርሱ ያልሆነውን ሥልጣን እየሸጠ ነው። ጥሩ ጠበቃ የጉዳዩን ደካማ ጎን ጭምር ሳይደብቅ ይናገራል።

4ኛ፤ የሌሎቹን ተጠርጣሪዎች ጥቅም መለየት። ከነጋዴው ጋር የሒሳብ ሠራተኛው ወይም የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ተይዞ እንደ ሆነ፣ የአንዱ መከላከያ በሌላው ላይ ማሳበብ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ጠበቃ ለሁሉ መያዝ ወጪን ቢያተርፍም በኋላ ያስጸጽታል። የድርጅቱ ነገረ ፈጅም ታማኝነቱ ለቀጠረው ድርጅት እንጂ ለሥራ አስኪያጁ አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም።

5ኛ፤ ውሉን በጽሑፍ ማድረግ። ጠበቃው የሚቆመው በምርመራ ጊዜ ብቻ ነውን? ለዋስትና ጥያቄ ነውን? እስከ ፍርድ ነውን? ይግባኝንስ ይጨምራልን? ክፍያው በስንት ጊዜ ይከፈላል? የልዩ ልዩ ወጪው በማን ላይ ነው? ይህ ሁሉ ሳይጻፍ ገንዘብ የከፈለ ባለጉዳይ በመካከል ከጠበቃው ጋር ሌላ ሙግት ያተርፋል። ለተከፈለውም ገንዘብ ሁሉ ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል።

ጠበቃው ከተያዘ በኋላ

ባለጉዳይ ከጠበቃው እውነቱን መደበቅ አይገባውም። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 399 የባለጉዳዩን ምስጢር የሚያወጣ ጠበቃን ስለሚቀጣ፣ ምስጢሩ ጥበቃ አለው። ከዐቃቤ ሕግ አፍ በችሎት መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ነገር ግን የበረታውን ጠበቃ እንኳ ያሳፍራል።

ቀጥሎ የሚመጣው የዋስትና ጉዳይ ነው። በ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፖሊስ ምርመራውን ያልጨረሰ እንደ ሆነ ፍርድ ቤቱ የሚሰጠው የጊዜ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። በዚሁ ሕግ በቁጥር 67 ዋስትና የሚከለከለው ተጠርጣሪው ግዴታውን የማይፈጽም፣ ሌላ ወንጀል የሚሠራ ወይም ምስክርን የሚያባብልና ማስረጃን የሚያጠፋ የመሰለ እንደ ሆነ ነው። የጠበቃው ሥራ እነዚህን ሥጋቶች አንድ በአንድ ማስወገድ ነው። ለምሳሌው ነጋዴ የጸና መኖሪያ፣ ቤተ ሰብና በሥራ ላይ ያለ መደብር እንዳለው፣ ቼኩም አስቀድሞ በፖሊስ እጅ ስለሚገኝ ሊጠፋ የሚችል ማስረጃ እንደሌለ ያስረዳል። ለዚህም ወንድምየው የንግድ ፈቃዱንና የቤቱን ማስረጃ ይዞ በችሎቱ ሰዓት ቢገኝ ትልቅ ርዳታ ነው። ዋስትና የተከለከለ እንደ ሆነ በቁጥር 75 መሠረት በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማቅረብ ይቻላል።

ገንዘብ የሌለውም ሰው ቢሆን ያለ ጠበቃ እንዲቀር ሕጉ አልፈቀደም። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ተከሳሽ፣ በዚሁ ምክንያት ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ፣ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት ሕገ መንግሥቱ አዟል፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶችም ለዚሁ የተመደቡ ተከላካይ ጠበቆች አሉ። ተከሳሹ አቅም እንደሌለው ለዳኛው በግልጥ መናገር አለበት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብም ጠበቆች በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግሉ አዝዞ ነበር።

አስቀድሞ መዘጋጀት

ከምሳሌው ነጋዴ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። እርሱን የጎዳው የጠበቃ መጥፋት አልነበረም፤ ከአብነት እስከ ልደታ ጠበቃ ሞልቷል። የጎዳው ከሐሙስ ማታ እስከ ዓርብ ጧት ድረስ የሚጠራውን ሰው ስም ሳያውቅ ማደሩ፣ ሳያውቅም መናገሩ ነው። አስተዋይ ነጋዴ ሰላም ባለበት ቀን አንድ የወንጀል ጠበቃ መርጦ ያነጋግራል፤ ስሙንና የስልክ ቁጥሩን ለባለቤቱና ለመደብሩ ጸሐፊ ይሰጣል፤ እርሱ በሌለ ጊዜ ደመወዝ የሚከፍል፣ መደብሩንም የሚያንቀሳቅስ ሰው በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት በተመዘገበ ውክልና አስቀድሞ ያዘጋጃል። ቢያዝም ስሙንና አድራሻውን በትሕትና ይናገራል፤ ከዚያም በላይ ሲጠየቅ፣ «ጠበቃዬ እስኪመጣ ድረስ ቃል አልሰጥም» ይላል። ይህን ማለት ፖሊስን መድፈር ወይም ጥፋትን ማመን ሳይሆን በሕግ በተሰጠ መብት መጠቀም ነው።