የከተማ ቤት ሽያጭና የግምት አሠራር፦ ከግራናና ከመርሳ መሰል ከተሞች አንጻር

መግቢያ

ለሽያጭ የቀረበ አንድ ቤት ሦስት የተለያዩ ዋጋዎች ሊኖሩት ይችላሉ፤ ሻጭና ገዢ የተስማሙበት፣ የባንክ መሐንዲስ ለብድር መያዣነት የገመተውና ማዘጋጃ ቤት ለስም ዝውውር የያዘው። ይህ ጽሑፍ የልዩነቱን ምንጭና የሚያስከትለውን ጉዳት በሀብሩ ወረዳ እንደሚገኙት ግራናና መርሳ ካሉ አነስተኛ ከተሞች አንጻር ይመረምራል።

የሕግ መሠረት

አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን ቦታ የመንግሥት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40(3) መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ሲደነግግ፣ በአንቀጽ 40(7) ግን ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት እንዳለው ያረጋግጣል። በመሆኑም በውል የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ ገዢ ዋጋ የሚሰጠው ግን ለቦታውም ጭምር ነው።

የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ይህንኑ ጥያቄ በከፊል ነክቶታል። ግንባታ ሳይጀምር ወይም በግማሽ ሳያጠናቅቅ መብቱን የሚያስተላልፍ ባለይዞታ የከፈለውን የሊዝ ክፍያ ከነወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከማስተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ለራሱ ያስቀራል። ከዚያ ደረጃ ባለፈ ግንባታ ላይ ግን የቦታው ዋጋ በቤቱ ዋጋ ውስጥ ተሸፍኖ ያልፋል።

የግምት ስልት

በአገሪቱ በስፋት የሚሠራበት ስልት የመተኪያ ዋጋ ነው። ገማቹ የቤቱን ስፋት ይለካል፤ ግድግዳው የጭቃ ወይም የብሎኬት፣ ወለሉና ክዳኑ ከምን የተሠራ መሆኑን ይመዘግባል፤ በካሬ ሜትር የግንባታ ዋጋ አባዝቶ የእርጅና ቅናሽ ያደርጋል። ለምሳሌ ያህል፣ 60 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ቤት በካሬ 10,000 ብር ቢሰላ 600,000 ብር ይሆናል፤ 30 በመቶ ለእርጅና ሲቀነስ 420,000 ብር ይቀራል። ቤቱ ከአውራ ጎዳና ዳር በመሆኑ 1,100,000 ብር ቢሸጥ፣ የ680,000 ብሩ ልዩነት በግምቱ ውስጥ ያልታየው የቦታ ዋጋ ነው። በመርሳ መሃል የሚያልፈው የደሴ–ወልዲያ መንገድ እንዲህ ያለውን ልዩነት ከሚፈጥሩት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ጉዳቱ

ልዩነቱ ውልን በዝቅተኛ ዋጋ ለመጻፍ ይጋብዛል። በአዋጅ ቁጥር 110/1990 መሠረት የንብረት ስም ለማስመዝገብ የሚከፈለው የቴምብር ቀረጥ ከዋጋው 2 በመቶ ነው፤ በምሳሌው በ420,000 ብር ምትክ በእውነተኛው ዋጋ ቢሰላ ልዩነቱ 13,600 ብር ይሆናል። ይህን ገንዘብ ለማትረፍ የሚደበቀው ግን 680,000 ብር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ በአንቀጽ 1815 ውል ሲፈርስ ተዋዋዮች በተቻለ መጠን ወደነበሩበት እንዲመለሱ ይደነግጋል። በአንቀጽ 2005ና 2006 ደግሞ ጽሑፉ በፈራሚዎቹ መካከል በቂ ማስረጃ ስለሆነ በምስክር ማስተባበል አይፈቀድም። ውሉ ቢፈርስ፣ ያልተጻፈውን ገንዘብ የከፈለ ገዢ የሚያስረዳበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት የጋራ ነው። የንጽጽር ስልት፣ ማለትም ቤትን በቅርብ ከተሸጡ መሰሎቹ ጋር አመዛዝኖ መገመት፣ እውነተኛ የሽያጭ መዝገብ ይሻል። ሽያጭ በማይበዛበት አነስተኛ ከተማ ጥቂት የተዛቡ ውሎች መዝገቡን ከጥቅም ውጭ ያደርጉታል። ገማቹም ወደ መተኪያ ዋጋ ይመለሳል፤ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ቀጣዩ ውልም ይዛባል። በውርስና በፍቺ ክፍፍል ጊዜ ቤቱን የሚያስቀረው ወገን የቦታውን ዋጋ ያለክፍያ ሊወስድ የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ማጠቃለያ

የግምት ሰነድ የቤቱን የመተኪያ ዋጋና የቦታውን ተፈላጊነት በተለያየ ዓምድ ቢያሳይ፣ ማዘጋጃ ቤቶችም የእያንዳንዱን ሽያጭ ዋጋ ከስፋት፣ ከግንባታ ዓይነትና ከመንገድ ርቀት ጋር ቢመዘግቡ፣ ለንጽጽር የሚበቃ መረጃ ቀስ በቀስ ይከማቻል። መዝገቡ እውነት የሚሆነው ግን ሐቀኛ ዋጋ መጻፍ ተዋዋዮችን ከመጉዳት ይልቅ የሚጠብቃቸው መሆኑን ሲረዱ ነው።