ምን ጠበበ? በምን ተለካ?

በካማሺ ከተማ ነው። ዕድሜያቸውን በመምህርነት ያሳለፉ አንድ የጉሙዝ አዛውንትና ከአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣች የአገራቸው ልጅ የተመላለሱት ነው። ልጅቱ የመመረቂያ ጽሑፏን የጉሙዝ አገር እንዴት እየጠበበ እንደመጣ ልታደርገው አስባለች።

ተማሪ፦ ጋሼ፣ ያነበብኳቸው ነገሮች እርስ በርስ አልስማማ አሉኝ። አንዱ ጠበበ ይላል፣ ሌላው ሰፋ ይላል።

መምህር፦ ሰፋ የሚለው የትኛው ነው?

ተማሪ፦ የሕዝብ ቆጠራው። በ1987 ዓ.ም. በአገሪቱ የተቆጠረው ጉሙዝ 120 ሺህ ገደማ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. 160 ሺህ ገደማ ሆኗል። በአሥራ ሁለት ዓመት ይህን ያህል የጨመረ ሕዝብ ጠበበ ብዬ እንዴት ልጻፍ?

መምህር፦ እዚያው ቆጠራ ላይ የክልላችንን የቤኒሻንጉል ጉሙዝን ሠንጠረዥ እዪ። በ1987 ከክልሉ ሕዝብ ጉሙዝ ከመቶ 23.4 ነበር፤ በ1999 ወደ 21.1 ወርዷል። ቁጥሩ ጨመረ፣ ድርሻው ቀነሰ፤ ሁለቱም እውነት ነው። እኛ ዘንድ ድርሻ ደግሞ እንዲሁ የወረቀት ነገር አይደለም። የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን ባለቤት ብሎ ስለሚጠራ፣ ድርሻ ሲነሳ ወንበርም መሬትም አብሮ ይነሳል። በ2011 መግቢያ በዞናችን የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ስንት ሺህ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ ጉሙዙም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም። ስለዚህ ከመቶ ይህን ያህል ብለሽ ስትጽፊ ከጎኑ ምን እንደተለካ፣ ማን እንደለካው አብረሽ ጻፊ።

ተማሪ፦ እሺ። ከየትኛው ልጀምር?

መምህር፦ ከፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት። እሳቸውን ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ መንግሥት በጻፉት ትልቅ መጽሐፍ ነው ሰው የሚያውቃቸው፤ በ1988 እ.ኤ.አ. ግን የጎጃምና የወለጋ ጉሙዝ ከደጋው ጎረቤቱ ጋር ስለነበረው ግንኙነት አንድ ጥናት አቅርበዋል። ካማሺ ያኔ በወለጋ ሥር ስለነበረ የኛም ታሪክ እዚያ ውስጥ አለ። ጉሙዝ ከደጋው ጠርዝ እየተገፋ ወደ ቆላው እንዴት እንደወረደ ከእሳቸው ታገኛለሽ። ቀጥለሽ የአብዱሰመድ አህመድን አንብቢ፤ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ከ1897 እስከ 1938 እ.ኤ.አ. በቤላ ሻንጉልና በጉሙዝ የነበረውን የባሪያ ንግድ ይመረምራል። ሰው እየታደነ የሚሸጥበት ዘመን መንደሩን ከመንገድ ያርቃል፣ ገበያ መውጣትን ያስፈራል። አገሩ ካርታ ላይ ባለበት ሆኖ ሰው የሚረግጠው ግን ያንሳል።

ተማሪ፦ ጉሙዝ ሽሽት ይወዳል፣ ሰው ይፈራል የሚሉን ከዚያ የመጣ ነው?

መምህር፦ ከዚያ ነው። ግን ሽሽቱን የፈሪ ሥራ አድርገሽ እንዳትጽፊው። ጄምስ ስኮት የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ተራራማ ሕዝቦች አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። እነዚያ ሰዎች ከግብር፣ ከባርነትና ከጦርነት ለማምለጥ አስበውበት ወደ ተራራ የወጡ ናቸው ይላል፤ የሚዘሩትን እንኳ ለቀራጭ እንዳይመች አድርገው ነው የመረጡት። እኛ ጋ አቅጣጫው ተገለበጠ። መንግሥት ደጋ ላይ ስለነበረ ማምለጫው ቆላ ሆነ። ወባው ባለ ፈረሱን፣ ገንዲው የሚያርሰውን በሬ ይገድልለታል፤ ጉሙዝ ግን በመቆፈሪያ የሚያርስ ስለሆነ ያለ በሬ ይኖራል። የዓባይና የዴዴሳ ቆላ ምሽጉ ነበር።

ተማሪ፦ ታዲያ ይህ ማፈግፈግ እንጂ መጥበብ አይደለማ!

መምህር፦ ወደ ኋላ የምትሄጂበት እስካለ ድረስ። ስኮት ራሱ ክርክሬ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ላለው ዘመን አይሆንም ብሏል፤ መንገዱና አውሮፕላኑ የማይደርስበት ቦታ ጠፋ። እኛ ጋ ያ ቀን ጎልቶ የታየው በመተከል ነው፤ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በጣና በለስ፣ ፓዌ ላይ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ሲሰፍር። የመጡት ረሃብ ያባረራቸው ምስኪኖች ናቸው፤ ብዙዎቹም ሳይወዱ የመጡ ናቸው፤ በእነሱ ላይ ቃል አታንሺ። ይህን በደንብ የጻፉት ደሳለኝ ራህመቶና ወልደሥላሴ አቡቴ ናቸው። የወልደሥላሴ መጽሐፍ በ2004 እ.ኤ.አ. ጀርመን የታተመ ነው፤ ጉሙዝና ሰፋሪው አንዱን መሬት እንዴት ለየቅል እንደሚያዩት ከእሱ የተሻለ ያሳየኝ የለም። ከሁሉ አብልጠሽ እሱን አንብቢ።

ተማሪ፦ ለየቅል ሲሉ?

መምህር፦ አባቶቻችን ማሳ ሲከፍቱ በበጋ ይመነጥራሉ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ያቃጥላሉ፣ በአመዱ ላይ ማሽላ ወይ ሰሊጥ ይዘራሉ። ጥቂት ዓመት ዘርተው ይተዉታል። ያ የተተወው መሬት ሥራ አልፈታም፤ ማር ይቆረጥበታል፣ ይታደንበታል፣ የቀርከሃ ቡቃያና ሥራሥር ይለቀምበታል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ አፈሩ ያገግማል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ግን ያንን አይቶ ባዶ መሬት ይለዋል፤ ለሰፋሪ ይሰጠዋል፣ ለባለሀብት ያከራየዋል። አሁን ወረቀት አውጪና ሒሳብ እንሥራ። እንበልና አንድ ቤተሰብ በየዓመቱ አንድ ሄክታር ይዘራል። አንዱን ማሳ ሦስት ዓመት ዘርቶ አሥራ ሁለት ዓመት ያሳርፈዋል። በጠቅላላው ስንት ሄክታር ያስፈልገዋል?

ተማሪ፦ ዙሩ አሥራ አምስት ዓመት ነው፤ የሚዘራው ሦስቱን። አንድ አምስተኛ… አምስት ሄክታር።

መምህር፦ እረፍቱ ወደ ሦስት ዓመት ቢወርድስ?

ተማሪ፦ ሁለት ሄክታር ይበቃዋል።

መምህር፦ በየዓመቱ የሚዘራው ስንት ነው?

ተማሪ፦ ያው አንድ ሄክታር… ጋሼ፣ ይህማ በግብርና ሪፖርት ላይ በጭራሽ አይታይም! የተዘራውን የሚለካ ሰው ምንም አልተነካም ብሎ ነው የሚጽፈው።

መምህር፦ የጠበበው የእረፍቱ ዘመን ነው። ሦስት ሄክታር ከእጁ ወጥቶ ሪፖርቱ ላይ አንዲት ጥማድ አልጎደለችም። ለዚህ ነው ሽማግሌ ተነጠቅን ሲል ባለሙያው ማስረጃ የሚያጣው፤ ሁለቱም አይዋሹም። ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ ነው፤ ያውም በአቀንጭራ። ማሽላ መሃል ገብተሽ አይተሻታል?

ተማሪ፦ ሐምራዊ አበባ ያላት አረም?

መምህር፦ እሷ ናት። አበባዋ ታምራለች፤ ሥሯን ብትከተዪ የማሽላው ሥር ላይ ተጣብቃ ታገኛታለሽ። ከምድር ሳትወጣ ነው መምጠጥ የምትጀምረው፤ አበባዋን አይተሽ ስትነቅያት ማሽላው አስቀድሞ ተጎድቷል፣ ውሃ እየጠጣም የጠወለገ ይመስላል። አንዷ እግር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንደ አቧራ የላመ ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ የማሽላ ሥር ይጠብቃል። የምትበረታው የደከመ መሬት ላይ ነው፤ በተለይ ማሽላ በማሽላ ላይ ሲዘራ። ረጅሙ እረፍት አንዱ ጥቅሙ እሷን ማራብ ነበር። የኛው አገር ሰው ገቢሳ ኤጄታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። ትልቅ ሥራ ነው፤ አፈሩ ያጣውን እረፍት ግን ዘር ብቻውን አይመልሰውም።

ተማሪ፦ ቀርከሃውስ? በአንድ ጊዜ ደርቆ ያለቀበት ቦታ ነበር። ያንን በመጥበቡ ውስጥ ላስገባው?

መምህር፦ ለብቻው አድርጊው። የቆላ ቀርከሃ ብዙ ዓመት ቆይቶ በአንድ ጊዜ ያብባል፣ ዘሩን ይጥላል፣ ይሞታል። ተፈጥሮው ነው። ዘሩ ሲበቅል እሳት ካልበላው፣ ከብት ካልረገጠው፣ ሞፈር ካልገባበት ደኑ ይመለሳል። በሞተበት ዓመት ፎቶ አንስቶ ደን ጠፋ የሚል ሰው ይሳሳታል፤ ቡቃያውን አርሶ ደኑ ድሮም ሞቶ ነበር የሚል ደግሞ ያጠፋል።

ተማሪ፦ የሕዳሴ ግድቡንም ላነሳ ነው። ሐይቁ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ በመተከልም በእኛም ዞን ነው።

መምህር፦ አንሺው። አገር የሚኮራበት ሥራ ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። የወንዝ ዳር ማሳ ግን ከቆላው ሁሉ ለም ነበርና፣ በካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ለክተሽ አትለፊው።

ተማሪ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት? እንዲጠብ የምፈልገውም ነገር አለ።

መምህር፦ ተናገሪ።

ተማሪ፦ የእህት ልውውጥ ጋብቻ። ወንድሜ እንዲያገባ እኔ ለሚስቱ ወንድም እንድሰጥ። ስለ ጉሙዝ የተጻፈ መጽሐፍ ሁሉ እንደ ጌጥ ይቆጥረዋል።

መምህር፦ ሁሉም እንደ ጌጥ አይቆጥረውም። ዌንዲ ጄምስ የምትባል እንግሊዛዊት ምሁር ከዶናልድ ዶንሃም ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. ባዘጋጀችው መጽሐፍ ውስጥ ስለ እሱ አንድ ምዕራፍ አላት። ዙሪያውን ሰው በገንዘብ የሚገዛበት ዘመን ነበር። ልውውጡ ግን ሴት ልጅ በገንዘብ እንዳትሄድ፣ ሀብታም ብዙ ሚስት እንዳይሰበስብ፣ አንዱ ጎሳ ከሌላው በታች እንዳይሆን አድርጓል። ይህን ሳታነቢ አትፍረጂበት።

ተማሪ፦ አንብቤዋለሁ። ጎሳዎቹ እኩል የሆኑት ልጆቻቸውን ሳይጠይቁ ነው። እህት የሌለው ወንድ ሳያገባ ሲቀር ያዝናሉ፤ ሳትወድ የተሰጠችው ልጅስ? የአንዷ ትዳር ሲፈርስ የሌላዋም ይናጋል፣ ጠብ ይነሳል፣ ደም ይፈሳል።

መምህር፦ ይህን እንደነገርሽኝ አድርገሽ ጻፊው። ዌንዲ ጄምስ የዘር ሐረጉን አይታለች፤ አንቺ ልጅቱን አይተሻል፤ ጽሑፍሽ ሁለታችሁንም ይፈልጋል። እኔም የምጨምርልሽ አለ። እናቶቻችን ሲወልዱ ከቤት ወጥተው ጫካ ውስጥ ብቻቸውን ነበር የሚወልዱት፤ የወሊድ ደም ቤት ውስጥ መፍሰሱ ነውር ነው ተብሎ። ስንቷ እዚያው ቀረች! አሁን ጤና ጣቢያ የምትሄደዋ በዝታለች፤ ያኛው እየጠበበ ነው፤ እልል በይለት። ባህል ጠፋ ተብሎ የሚለቀስለት ሁሉ ልቅሶ አይገባውም።

ተማሪ፦ ቋንቋውስ?

መምህር፦ እሱ ይገባዋል። ኮሊን አህላንድ በ2012 እ.ኤ.አ. በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የሰሜንና የደቡብ ጉሙዝን ሰዋስው ጽፋለች፤ ደቡቡ የኛው የካማሺው ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዳጺን የሚባል፣ ማንም ምሁር ያልመዘገበው ትንሽ ቋንቋ በምዕራብ ኢትዮጵያ እንዳለ አስታወቀች። ያንን ያህል ጊዜ አጠገባችን ሲነገር ኖሮ በመጽሐፍ አልነበረም። የድሮዎቹን መጻሕፍትማ ተያቸው፤ በርታውን፣ ጉሙዙን፣ ኮሞውን በአንድ የንቀት ስም ጠቅልለው አለፉ። ስንት ሕዝብ እዚያ ገጽ ላይ አንድ ሆኖ አነሰ! አንቺ ስትጽፊ ጎጡን በጎጥነቱ፣ ወንዙን በስሙ ጥሪው።

ተማሪ፦ የእረፍቱን ዘመን ግን በምን ልለካው? የጻፈው የለም።

መምህር፦ ሴቶቹን ጠይቂ፤ ማሳው ላይ የሚውሉት እነሱ ናቸው። ስንት ዓመት አረፈ ብለሽ አትጠይቂ፤ ዓመት አይቆጥሩም። ይህ ማሳ ሲመነጠር የትኛውን ልጅ አዝለሽ ነበር፣ ስትተዉት የትኛው ይድህ ነበር፣ ስትመለሱበትስ በይ። የልጆቹን ዕድሜ ካወቅሽ ዘመኑን ታገኚዋለሽ። ከዚያ አማቷን ስለ እሷ ዘመን ጠይቂያት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጽሑፍሽ ልብ ነው። ያሶም፣ አጋሎ ሜጢም፣ ሰዳልም ሂጂ፤ ከተማ ዳር ብቻ ጠይቀሽ እንዳትመለሺ። አቀንጭራ ያለበትንም የሌለበትንም ማሳ በዓይንሽ እዪ።

ተማሪ፦ በአማርኛ ነው በጉሙዝኛ የምጠይቃቸው?

መምህር፦ በጉሙዝኛ ጠይቂ፣ በጉሙዝኛ ጻፊው፤ አማርኛው ከሥሩ ይግባ። እኔ የጠቀስኩልሽ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ ከተማ አንብቦ የሚረዳው ጥቂት ነው። አንደኛ ደረጃ በቋንቋቸው ማንበብ የጀመሩት ልጆች ግን ካንቺ በኋላ አሉ። ከመሄድሽ በፊት ደግሞ የወልደሥላሴን መጽሐፍ ያንን ሒሳብ እያሰብሽ አንብቢው፤ ያለ ሒሳቡ የምታልፊው ብዙ ነገር ታገኚበታለሽ።