ነፋስና የባሕር ዳር ውኃ

በሐይቅ ዳር ቆሞ የተመለከተ ሰው፥ ነፋስ ውኃን ወደሚነፍስበት አቅጣጫ ብቻ የሚነዳው ይመስለዋል። በውቅያኖስ ዳር ግን ነፋሱ ወደ ሰሜን ሲነፍስ ውኃው ወደ ምዕራብ ሊሄድ፥ በታች ያለውም ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል። የብዙ ሕዝብ እንጀራ የተመሠረተው በዚህ ነው።

በመጀመሪያ ቦታውን እንመልከት። የብስ በባሕሩ ዳር ወዲያው ገደል ሆኖ አይወርድም። በብዙ ስፍራ በውኃው ሥር እንደ ቤት መደብ ተዘርግቶ ይቆይና፥ ጥልቀቱ 200 ሜትር ገደማ ሲደርስ ቁልቁል ይወርዳል። ይህን የባሕር መደብ እንበለው።

ናንሰን የተባለው የኖርዌይ ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ፍራም በተባለች መርከብ ወደ ሰሜን ዋልታ ባሕር በጀመረው ጉዞ፥ ተንሳፋፊው በረዶ ከነፋሱ አቅጣጫ ወደ ቀኝ እንደሚያዘነብል አየ። ስዊድናዊው ኤክማን በ1905 ምክንያቱን በሒሳብ አስረዳ። ምድር ስለምትዞር፥ የሚንቀሳቀስ ውኃ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ ቀኝ፥ በስተደቡብ ወደ ግራ ያዘነብላል። በነፋስ የሚነዳው የላይኛው ውኃ በጠቅላላው ሲታሰብ ከነፋሱ 90 ዲግሪ ዞሮ ይሄዳል። ጥልቀቱ እጅግ ባነሰበት ግን የባሕሩ ወለል ስለሚይዘው፥ ውኃው ነፋሱን ይበልጥ ይከተላል።

በፔሩ ጠረፍ ነፋሱ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይነፍሳል። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይሆናሉ፦

1ኛ/ የላይኛው ውኃ ወደ ግራ፥ ማለት ከየብስ ወደ ውቅያኖስ ይሸሻል።
2ኛ/ በጠረፉ የባሕሩ ከፍታ በጥቂት ሴንቲሜትር ዝቅ ስለሚል፥ ነፋሱን ተከትሎ በዳር ዳር የሚፈስ ጅረት ይነሣል።
3ኛ/ የሸሸውን ለመተካት ቀዝቃዛ ውኃ በመደቡ ላይ ሽቅብ ይወጣል።

ይህ ውኃ እንደ ማዳበሪያ ነው። ደቃቅ የባሕር ዕፀዋትን ያበቅላል፤ አንቾቬታ የተባለው ትንሽ ዓሣም በዚህ ይራባል።

ለእኛም ቅርብ ምሳሌ አለ። በክረምት ወራት ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ በሶማሊያ ጠረፍ ቀዝቃዛ ውኃ ያወጣል። በበጋ ነፋሱ ሲገለበጥ የባሕሩ ጅረትም ይገለበጣል።

ይህ በረከት ግን ወሰን አለው። በ1970 ፔሩ ከ10 ሚሊዮን ቶን የሚበልጥ አንቾቬታ አጠመደች። በ1972 ኤልኒኞ መጣ፤ ነፋሱ ሳይቆም፥ ሙቁ ውኃ ወደ ታች ስለ ወፈረ ሽቅብ የሚወጣው ምግብ የሌለው ሆነ። ከልክ በላይ ማጥመዱም ተጨምሮ በ1973 የተገኘው ዓሣ የቀድሞውን ሩብ አልሞላም፤ ብዙ ዓሣ አጥማጅም ሥራ ፈታ። ዛሬ ፔሩ የዓሣውን ብዛት አስቀድማ እየገመተች የሚጠመደውን መጠን ትወስናለች።

እንግዲህ የነፋስንና የውኃን ሕግ መማር ለፈተና ብቻ አይደለም። ባሕር የሚሰጠውን በልክ ለመውሰድም ነው።