መብልና መጠጥ በልክ፤ ስለ ስኳር ሕመምና ስለ ጾም

ሰው ከነፍስና ከሥጋ የተፈጠረ ስለ ሆነ የነፍሱን ድኅነት ሲሻ የሥጋውን ጤና ሊንቅ አይገባውም። ሥጋ የጸሎት፣ የስግደትና የምጽዋት መሣሪያ ነውና። ስለዚህ በካህናትም በምእመናንም ዘንድ እየበዛ ስለሚታየው የስኳር ሕመም፣ የምንበላውና የምንጠጣውም በደማችን ስኳርና በሰውነታችን ክብደት ላይ ስለሚያደርገው ነገር፣ በጾምም ወራት ሕመምተኛው ሊጠነቀቅበት ስለሚገባው ሁሉ በአጭሩ እንናገራለን።

አስቀድመን ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። እንጀራም ሆነ ዳቦ፣ ድንችም ሆነ ሩዝ ከተበላ በኋላ በሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ግሉኮስ ወደሚባል ስኳር ይለወጥና ወደ ደም ይገባል። በዚያን ጊዜ ከጨጓራ በስተ ኋላ ያለው ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ቅመም ያመነጫል፤ ይህም ስኳሩን ከደም ወደ ሰውነት ክፍሎች ያስገባዋል። ቆሽት ይህን ማመንጨት ሲያቅተው፣ ወይም ሰውነት ለኢንሱሊን መታዘዝን ሲያጐድል፣ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። ሌሊቱን ምንም ሳይቀምሱ አድረው ጠዋት ሲመረመሩ በአንድ ዴሲሊትር ደም ከ100 ሚሊግራም በታች የሆነ ስኳር ጤናማ ነው፤ 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ግን ሕመሙ አለ ይባላል። ይህም ሕመም ለብዙ ዘመን ሳይጠበቅ ቢቀር ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ ልብንና የእግርን ነርቭ ይጐዳል።

ሕመሙ በብዛት የሚታየው በ2 ዓይነት ነው። አንደኛው ብዙ ጊዜ በልጅነትና በወጣትነት የሚጀምር፣ ቆሽትም ኢንሱሊን ማመንጨቱን የሚያቆምበት ነው። በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1921 ኢንሱሊንን እስኪያገኙ ድረስ በዚህ የተያዘ ሕፃን ብዙ አይቈይም ነበር። ሁለተኛው ዓይነት ግን ከዘር ጋራም ቢያያዝ ከክብደት መብዛት፣ ይልቁንም በሆድ ዙሪያ ከሚከማች ስብና ከእንቅስቃሴ ማነስ ጋራ የተቈራኘ ነው። ይህንኛውን ብዙ ጊዜ መከላከል ይቻላል። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 የታተመ ታላቅ ጥናት እንዳስረዳው፣ ስኳራቸው ከልክ ማለፍ የጀመረ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ ያህሉን እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ቢደረግ፣ ሕመሙ የሚይዛቸው ቍጥር በ58 በመቶ አንሷል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው መጠጥ ነው። ሰው የበላውን ይቈጥራል፤ የጠጣውን ግን ይረሳል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። በቀን 3 ጊዜ በየስኒው 3 ማንኪያ ጨምሮ ሻይ የሚጠጣ ሰው 36 ግራም ስኳር ወሰደ ማለት ነው። 330 ሚሊሊትር የሚይዝ አንድ ለስላሳ መጠጥም 35 ግራም ገደማ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው ስኳር ከዕለት ምግብ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻልም ከ5 በመቶ፣ ማለት ከ25 ግራም ገደማ እንዳያልፍ መክሯል። ማርም ቢሆን የተፈጥሮ ነው ተብሎ ያለ ልክ አይወሰድም፤ የደምን ስኳር ከፍ ያደርጋልና።

እንግዲህ ወደ ጾም እንመለስ። ቤተ ክርስቲያናችን በዓመት ከ200 የሚበልጡ የጾም ቀኖች አሏት። የጾሙም ማዕድ፣ ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ባቄላውና ጐመኑ፣ ቀስ ብሎ የሚፈጭና የደምን ስኳር በድንገት የማያንር መልካም ምግብ ነው። ዳንኤልና ባልንጀሮቹ የባቢሎንን ንጉሥ ማዕድ ትተው ጥራጥሬና ውኃ ለ10 ቀን ተመግበው ፊታቸው አምሮ መገኘቱን መጽሐፍ ይነግረናል። ነገር ግን የጾም ምግብ ስለ ሆነ ብቻ ልክ የለውም ማለት አይደለም። እስከ 9 ሰዓት ቈይቶ በዘይት የተጥለቀለቀ ወጥ፣ በርካታ እንጀራና ዳቦ፣ በላዩም ስኳር የበዛበት ሻይ የሚጨምር ሰው የቀኑን ትዕግሥት በአንድ ሰዓት ያጠፋዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ያህል ይሰጣል። በፋሲካም የ55 ቀኑን ጾም በአንድ ጊዜ በቅቤና በሥጋ፣ በጠጅም ለመካስ መሞከር ሆድን ያስጨንቃል፤ ክብደትንም ይመልሳል። ጾም መከልከል ብቻ ሳይሆን ልክን መማር ነውና፣ የተማርነው ልክ ከጾሙ በኋላ ሊቀር አይገባውም።

በሕመሙ የተያዘ ሰው ግን ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚውጥ ሰው መድኃኒቱን ወስዶ ሳይበላ ቢውል ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ድንገተኛ ረኀብ፣ የሐሳብም መደናገር ምልክቶቹ ናቸው። ይህ ሲሆን፣ ወይም ምርመራው ከ70 በታች ሲያሳይ፣ ሰዓቱን ሳይጠብቅ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደ ገና ይመርመር። ራሱን የሳተ ቢሆን ግን በአፉ ምንም ሳይጨመርበት ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይወሰድ። በባዶ ሆድ የሚጠጣ ጠጅና አረቄም ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ ይህንኑ አደጋ ያመጣል።

ስለዚህ ሕመምተኛው ጾም ሳይገባ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ የነገረውንም ለንስሓ አባቱ ይግለጥ። የሐዋርያት ቀኖና የጾምን ሕግ ሲያጸና በሥጋ ድካም የተያዘውን ለይቶታልና፣ የንስሓ አባቶችም ይህን ይቅርታ ሳያሳፍሩ ሊሰጡ ይገባል። ሰዎች ያዩኛል ብሎ ሕመሙን ሰውሮ የሚወድቅ ምእመን እንዳይኖር ማድረግ የእረኛ ሥራ ነው። ጸበልም የሚጠመቅ መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ ኢንሱሊንን በራስ ፈቃድ መተው ለሞት ያደርሳልና። በመብል መጾም ያልቻለ በአንደበቱ፣ በምጽዋቱና በጸሎቱ ይጾማል።

ጤነኛው በልኩ፣ ሕመምተኛውም በተፈቀደለት ሲጓዝ ሁለቱም የአንድ ማዕድ ልጆች ናቸው። እግዚአብሔር ለሁላችን ልክ የምናውቅበትን ልቡና ይስጠን።