ጉልበቱ ከመቀየሩ በፊት ደሙ ይለካ
(ከመተማ ቆላ ለአጥንት ቀዶ ሕክምና ስለሚወጡ በሽተኞች የቀረበ ጥናት)

እንደሚታወቀው የሰው ልጅ ሲታመም ዓይኑን የሚጥለው በሚያመው አካሉ ላይ ነው። ጉልበቱ ያበጠ ጉልበቱን ያሳያል፤ ዳሌው የሚቆረጥመው ዳሌውን ይዳስሳል። የራጁን ፊልም የያዘው ሐኪምም ቢሆን አስቀድሞ የሚናገረው ስለ አጥንቱ ነው። ነገር ግን ትልቅ የአጥንት ቀዶ ሕክምና የሚፈትነው አጥንቱን ብቻ ሳይሆን ደሙንም ጭምር ነው። የዚህች አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ነገር ከአንድ ከምናውቀው አገር፥ ማለት ከመተማና ከአካባቢው ቆላ ጋር አያይዞ ለመመርመር ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው በሐሳባችን እንሣል። ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ፥ በመተማ ዮሐንስ አጠገብ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርሱ አባት ናቸው። የቀኝ ዳሌያቸው መገጣጠሚያ አልቆ ያለ ከዘራ ከቤት መውጣት ተስኗቸዋል። አጥንቱ በብረትና በፕላስቲክ ሊቀየር እንደሚችል ከሰሙ በኋላ፥ በኅዳር ወር ሰሊጣቸውን ሸጠው፥ ልጃቸውን አስከትለው፥ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ጎንደር ገቡ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ቀን ተቆረጠላቸው። በዋዜማው ደማቸው ሲመረመር ሄሞግሎቢናቸው 9 ሆኖ ተገኘና ቀዶ ሕክምናው ተላለፈ። ሽማግሌው፦ «ልጄ፥ እኔ እግሬን አመመኝ አልሁ እንጂ ደሜን መች አመመኝ አልሁ?» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? ሰውየው የሐሳብ ሰው ናቸው፤ ነገሩ ግን በማንኛውም የቀዶ ሕክምና ክፍል ሊደርስ የሚችል ነው። ታዲያ ጥፋቱ ከየት ላይ ነው?

የደም ማነስ ሲባል

ሄሞግሎቢን በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ የሚገኝ፥ ብረት ያለበትና ኦክሲጅንን ከሳንባ ወደ መላው አካል የሚያመላልስ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሰጠው መለኪያ፥ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ለአዋቂ ወንድ ከ13 ግራም፥ እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12 ግራም በታች ሲሆን የደም ማነስ አለ ይባላል። ቁጥሩም እንደ አገሩ ከፍታ ተስተካክሎ መነበብ አለበት፤ የደጋ ሰው ደም ከቆላ ሰው ደም ከፍ ማለት ስለሚገባው ነው። ትናንት ከመተማ የመጣ በሽተኛ ጎንደር ላይ ቢመረመር የሚመዘነው በኖረበት አገር ልክ ነው።

ለቀዶ ሕክምና ሲሆን ግን ለሴቷም መለኪያው 13 እንዲሆን በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ስምምነት ተመክሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሴቷ ጠቅላላ ደም ከወንዱ ያነሰ ሲሆን፥ በቀዶ ሕክምናው የሚፈሰው ግን እኩል ነው።

ስንት ይፈሳል?

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሌይ ዘመናዊውን የዳሌ ቅየራ የጀመሩት በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራው እጅግ ቢሻሻልም፥ ዳሌ ወይም ጉልበት ሲቀየር በዓይን የሚታየውና በሥጋ ውስጥ ተሰውሮ የሚቀረው ደም ሲደመር ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ሊደርስ ይችላል። የአንድ አዋቂ ሰው ደም 5 ሊትር ያህል መሆኑን ካሰብን፥ ይህ አንድ አምስተኛና ከዚያም በላይ ነው።

እስቲ እናስላው። ሄሞግሎቢኑ 14 የሆነ ሰው 1.2 ሊትር ቢፈሰውና ጉድለቱ በፈሳሽ ቢተካለት፥ በግምት ወደ 11 ይወርዳል፤ ደክሞት ይሰነብት እንደሆነ እንጂ ይችለዋል። በ9 የገቡት ሽማግሌ ግን ያንኑ ያህል ቢፈሳቸው ወደ 7 ግድም ይወርዳሉ። እዚያ ላይ ልብ ያለ ዕረፍት ይመታል፤ የሌላ ሰው ደም መስጠትም ግድ ይሆናል። የደም ማነስ ይዘው ወደ ቀዶ ሕክምና የሚገቡ በሽተኞች ደም የሚሰጣቸው፥ ቁስላቸው የሚመረቅዘውና በሆስፒታል የሚቆዩት ከሌሎቹ ይልቅ መሆኑ በብዙ ጥናቶች ታይቷል።

«እንግዲያው ደም ሰጥቶ ቀዶ ሕክምናውን መፈጸም ነው» የሚል ይኖራል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። አንድ ከረጢት ደም ሄሞግሎቢንን ከፍ የሚያደርገው በ1 ግራም ያህል ብቻ ነው። ደግሞም በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመና ዳሌያቸው ተሰብሮ በተጠገነላቸው 2,016 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፥ ሄሞግሎቢናቸው ከ10 በታች ሲሆን ደም የተሰጣቸው፥ እስከ 8 ድረስ ከተጠበቁት ይልቅ አልዳኑም፤ ቀድመውም አልተራመዱም። ደም ሕይወት የሚያድንበት ጊዜ አለ፤ አስቀድሞ ሊደረግ ይገባ ለነበረው ዝግጅት ግን ምትክ አይሆንም።

ምክንያቱ በአገሩ ይፈለግ

የደም ማነስ የበሽታ ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። በአውሮፓ የሐኪም መጽሐፍ ላይ የተጻፈው የምክንያት ዝርዝር ለመተማ ሰው አይበቃም። በዚህ ቆላ ቢያንስ አምስት ነገሮች መታሰብ አለባቸው።

1ኛ/ ወባ። የወባ ተሕዋሲ ቀይ ሕዋሳትን እየሰበረ ደሙን ያመነምናል። ወባ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ነው። ይህም የሰሊጥ አጨዳና ሽያጭ ጊዜ ነው። እንግዲህ ገበሬው ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ የሚያገኘው ደሙ በወባ በተጎዳበት ወራት ነው። ኪሱ ሲሞላ ደሙ ይጎድላል።

2ኛ/ ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል። ይህ ትል በባዶ እግር በኩል ገብቶ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጣል። በአገራችን በብዛት የሚገኘው ዓይነት አንዱ ትል በቀን 0.03 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያስወጣል። ይህ ምንም ያልሆነ ይመስላል። ነገር ግን 100 ትሎች በቀን 3፥ በወር 90፥ በአምስት ወር 450 ሚሊ ሊትር ያስወጣሉ። ይህም አንድ ደም ለጋሽ የሚሰጠው ሙሉ ከረጢት ነው።

3ኛ/ ካላዛር። ከመተማ እስከ ሁመራ ያለው ቆላ በአገራችን ይህ በሽታ ከጸናባቸው ቦታዎች ዋነኛው ነው። አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ በዋልካው መሬት ስንጥቅና በግራር ዛፍ አካባቢ ትኖራለች፤ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ ወርደው በየማሳው የሚያድሩትን የጉልበት ሠራተኞች በብዛት ታጠቃለች። ካላዛር ጣፊያን ያሳብጣል፤ ሰውነትን ያከሳል፤ ቀይ ሕዋሳትን ብቻ ሳይሆን ደምን የሚያረጉትንም ሕዋሳት ያሳንሳል። እንዲህ ያለውን ሰው ሳያውቁ ቀዶ ሕክምና ማድረግ እጅግ አደገኛ ነው። በሽታው ካልታከመ ራሱ ገዳይ ስለ ሆነ፥ ጉልበቱ ይቆይና ካላዛሩ ይቅደም።

4ኛ/ የሕመም ማስታገሻ ክኒን። መገጣጠሚያው የሚያመው ሰው ለዓመታት ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ከመድኃኒት ቤት እየገዛ ይውጣል። እነዚህ ክኒኖች ጨጓራን አቁስለው ጥቂት በጥቂት ያደማሉ። ስለዚህ በሽተኛው «የሚወስዱት ክኒን አለ?» ተብሎ ሳይጠየቅ ማለፍ የለበትም።

5ኛ/ ሌሎች ሥር የሰደዱ በሽታዎች። የመገጣጠሚያ ቁጣ ራሱ በሰውነት ውስጥ ያለው ብረት ተቆልፎ እንዲቀመጥ ያደርጋል፤ የኩላሊት ድካምም ደም እንዳይሠራ ያግዳል። በጎረቤታችን በሱዳን የታወቀው ሲክል ሴል ደግሞ ደምንም ያሳንሳል፥ የዳሌን አጥንትም በወጣትነት ያበላሻል። የድንበር አገር ሐኪም ይህንን ሊዘነጋ አይገባውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

መልሱ ያለው በሆስፒታሉ ሳይሆን በጤና ጣቢያው ነው። በሽተኛው ለመገጣጠሚያ ቅየራ ታስቦ ወደ ላይ ከመላኩ ቢያንስ ስድስት ሳምንት፥ ቢቻል ሁለት ወር አስቀድሞ ሄሞግሎቢኑ ይለካ። ዝቅ ብሎ ከተገኘ ለወባ ደሙ፥ ለትል ሰገራው ይታይ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት ወይም ያበጠ ጣፊያ ካለው የካላዛር ምርመራ ይደረግለት። በተቻለ ቦታ ደግሞ ፌሪቲን ይመርመር፤ ከ30 በታች ከሆነ የብረት ክምችቱ አልቋል ማለት ነው።

የብረት እጥረት ለሆነው በሽተኛ የብረት ክኒን በቀን አንድ ጊዜ ወይም አንድ ቀን እየዘለለ ይሰጠዋል። ከቡናና ከሻይ ጋር ግን አይውሰደው፤ ሁለቱም ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉና። ሰገራው ቢጠቁር ከብረቱ የመጣ ስለ ሆነ እንዳይደነግጥ አስቀድሞ ይነገረው፤ አለዚያ ክኒኑን ይጥለዋል። የጠቆረው ግን ክኒኑን ሳይጀምር ከሆነ ጨጓራው እየደማ ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ ይመርመር። መድኃኒቱ ከሠራ በአንድ ወር ውስጥ ሄሞግሎቢኑ 1 ወይም 2 ግራም ይጨምራል። ምክንያቱ ሳይታወቅ ለሁሉም ብረት ማደል ግን ስሕተት ነው፤ ካላዛርን ብረት አያድነውም።

በደም ሥር የሚሰጥ ብረትም አለ፤ ጊዜ ሲያጥር ይጠቅማል። ቢሆንም በ2020 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት፥ ለትልቅ የሆድ ቀዶ ሕክምና ለተዘጋጁ 487 ሰዎች ይህ ብረት አስቀድሞ ቢሰጥም ደም የመውሰድንም ሆነ የሞትን ቁጥር እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ከዚህ የምንማረው ቁጥርን ከፍ ማድረግ ብቻውን ግብ አለመሆኑን ነው፤ ምክንያቱ ተፈልጎ ይታከም። በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው፥ የጃፓን ተመራማሪዎች በ1962 እ.ኤ.አ. ያስታወቁት ርካሽ መድኃኒት የሚፈሰውን ደም ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ቀላል ነው። በሱዳን ጦርነት ከተነሣበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ስደተኛ በመተማ በኩል ስለ ገባ፥ የድንበሩ ጤና ጣቢያዎች ሸክም ከብዷል። ሆኖም ሄሞግሎቢን ለመለካት የሚያስፈልገው ከጣት ጫፍ የሚወሰድ ጠብታ ደምና አንዲት ትንሽ መሣሪያ ነው። ያ ጠብታ ሳይወሰድ ቀርቶ የሚመጣው ግን የአንድ ዓመት ሰሊጥ ዋጋና የሁለት መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ ነው።

ውድ ጓደኞቼ! የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲጀመር የጤና መኰንኑን፥ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን አንድ ላይ አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ዓላማው ነበር። ሐሳቡም በሽታን ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት በመንደሩ መገናኘት ነው። ይህ ሐሳብ አላረጀም። ከመካከላችን ሕክምና የሚማረው ወደ ቆላ ሲወርድ የሚያነክሰውን በሽተኛ ዓይን ሽፋን ገልብጦ ይመልከት፤ ደሙንም ይለካ። ሕክምና የማይማረውም ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲገባ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ለአባቱና ለእናቱ ይህንኑ ይንገር። ሄሞግሎቢኑ 12.5 የሞላና ጤነኛ የሆነ ሁሉ ደግሞ ወደ ደም ባንክ ይሂድ፤ ዝግጅት ሁሉ ተደርጎም ደም የሚያስፈልገው ሰው አይታጣምና።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የደም ማነስን በቅጠል ማጥፋት የሚቻለው ሽማግሌው ገና መተማ ሳሉ ነው።