የመመለሻው ቋጠሮ

ከሮቤ እስከ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከጎሮ ለሚነሣ ሰው ደግሞ ይበልጣል። አንድ የጎሮ ገበሬ ዓይናቸው የፈዘዘውን እናቱን በምኒልክ ሆስፒታል ለማሳከም ወደዚያ ሄደ። ገንዘቡ ጥቂት ነበረ። በትልቅ ከተማ የድኃን ገንዘብ ቶሎ የሚጨርሱት ምግብና ማደሪያ ናቸው። ስለዚህ ሚስቱ የገብስ ዱቄት በቅቤ ለውሳ ጭኮ ሰነቀችላቸው፤ ጭኮ ብዙ ቀን ሳይበላሽ ይቆያልና። ማደሪያም ከዘመድ ቤት አገኙ። የመመለሻውን የመኪና ዋጋ ግን ገበሬው አስቀድሞ በጨርቅ ቋጥሮ ለእናቱ ሰጣቸውና፥ «እኔ ራሴ ብለምንዎ እንኳ አይስጡኝ» አላቸው።

መርካቶ በደረሱ ጊዜ ያማረ ኮት አየ። በኪሱ ያለው ለሕክምናው ብቻ የሚበቃ ነበረ። «እማዬ፥ ቋጠሮውን ይስጡኝ፤ ለመመለሻው እበደራለሁ» አለ። እናቱ ቋጠሮውን በመቀነታቸው ደበቁና ዝም አሉ። እርሱም አፍሮ መንገዱን ቀጠለ።

ሐኪሙ ካከማቸው በኋላ፥ ፋሻው በተፈታ ቀን እናትና ልጅ በእግራቸው ወደ አራት ኪሎ ሄዱ። በዚያ የሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የድል ሐውልት አለ፤ ለማየት ምንም አይከፈልም። እናቱ ሐውልቱን ጥቂት አዩና ፊታቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ። «ልጄ፥ ኮትህ ይህን ያህል ማርጀቱን አሁን ገና አየሁ» አሉ።